ግራ ጎኗ ለስላሳ የነበረች ሌንስ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የፎቶ ቤቱ ደንበኞች፣ ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍና በዚህ መታሰቢያ ላይ በእናንተ ፊት እንዲያነብ በሟች ባለቤት የታዘዘው የሟች የእህት ልጅ ነው። እሱም ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከሚያነበው ውስጥ አንዳንዱን አሳስቶ ይዞት ሊሆን እንደሚችል ያምናል። አንድን ዓመት ከሁለት ሰዎች ጠይቆ ሁለት መልስ ባገኘበት ቦታ ሁለቱንም ትቶ የሟችን ዕድሜ ብቻ ጽፏል፤ የተነገረውን ቃል እንዳለ ባላስታወሰበት ቦታም ለእውነት ይቀርባል ያለውን አስቀምጧል። ስለ ራሱ በጻፈው ክፍል ላይ ስሕተት ከተገኘ ግን፣ ስሕተቱ ጥፋቱን የሚያሳንስ እንጂ የሚያገዝፍ ስለማይሆን፣ አድማጮች በዚያው ልክ ጨምረው እንዲሰሙለት ይለምናል።

ብዙዎቻችሁ “ጋሽ ሃምሳ” እያላችሁ የምትጠሯቸው ሟች፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ክርና ቁልፍ ከሚቸረችሩት እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው የሚሰፉት በመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ ስለነበር፣ ሟች በስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ፣ ለመለካት የሚመጣውንም ሰው ከጉልበቱ ጀምረው ሽቅብ እያዩ አደጉ። አባታቸው ከሚነግሯቸው ሁሉ አንዷን ነገር እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ይደጋግሟት ነበር፦ “ሰው ልብስ የሚያሰፋው ሊታይበት ብቻ አይደለም፣ ሊሸሸግበትም ነው፤ አንድ ትከሻው የወደቀ ሰው ከመጣ ትከሻውን አበጅለት፣ እንዳበጀህለት ግን አትንገረው።”

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሥዕል የክፍሉ አንደኛ፣ በሒሳብ ደግሞ የመጨረሻውን ወንበር ለማንም ሳያስነኩ የያዙ ተማሪ እንደነበሩ ታናሽ እህታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ እናት፣ ይመሰክራሉ። የአባታቸው ወገብ ታሞ ከስፌት መኪናው ፊት መቀመጥ ባቃታቸው ጊዜ ትምህርቱን አቋርጠው በአንድ ወረቀት መሸጫ መደብር ጥቂት ከሠሩ በኋላ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአንድ ፎቶ ቤት በፎቶ አጣቢነት ተቀጠሩ። አራት ዓመት ሙሉ ከጨለማው ክፍል ቀይ መብራት ሥር፣ በመድኃኒት የተነከረ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ሲል እየተመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ ባለፎቶ ቤቱ ሙያውን ሲተዉ ካሜራቸውን ከነሌንሷ አስረከቧቸው፤ ሟችም ሱቁን እዚያው ጥግ ላይ፣ ከሰዓት ሠሪው አጠገብ፣ በራሳቸው ስም ከፈቱ።

ስለዚህች ሌንስ ጥቂት ማለት ግድ ነው፤ ስለ እሷ ሳይነገር ስለ እሳቸው የሚነገረው ጎዶሎ ይሆናልና። ሃምሳ ሚሊሜትር የምትባል፣ ያን ጊዜ ካሜራ ሲገዛ አብራ የምትመጣ፣ ባለሙያ ነኝ የሚለው ሁሉ ደሞዙ ትንሽ ሲፈቅድለት የሚያወልቃት ተራ ሌንስ ነበረች። ሩቁን አታቀርብም፣ ጠባቡንም አታሰፋም፤ ሰው በዐይኑ የሚያየውን ያህል ብቻ ታያለች። ከፊት ለፊቷ መስተዋት ውስጥ፣ ሲሠሯት የቀሩ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት የአየር አረፋዎች ነበሩባት። ጠዋት ብርድ ሲሆን ማተኮሪያ ቀለበቷ አልዞር ስለሚል፣ ሟች ከኮታቸው ሥር በብብታቸው አሙቀው ነበር ሥራ የሚጀምሩት። ወደ መስኮት ካዞሯት ፎቶው ላይ ነጭ ጭጋግ ታለብሳለች፤ ሰው ከልክ በላይ ከቀረባት አፍንጫውን ታተልቃለች። እሳቸውም ለጭጋጉ ጥቁር መጋረጃ ሰቅለውላት፣ ለአፍንጫው ደግሞ ወለሉ ላይ በቀለም መሥመር አስምረውላት፣ “እሷ ከነአመሏ ናት፣ እኔም ከነአመሌ፤ ማን ማንን ይፈታል?” እያሉ ኖሩ።

ትልቁ አመሏ ግን አብሯት የተፈጠረ አልነበረም። በእጃቸው በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ደንበኛ ካፖርቱን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳ ከካሜራዋ ማንገቻ ጋር ተጠላለፈበትና ካሜራዋ ከነሌንሷ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። መስተዋቱ አልተሰበረም፤ ነገር ግን የውስጠኛው መስተዋት የሚያርፍበት የብረት ጠርዝ ባንድ በኩል ስለተጨረመተ፣ ጎረቤታቸው ሰዓት ሠሪው ከራሳቸው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት የጥፍር ታህል ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ከሥሩ ሸጎጡና መልሰው ገጠሟት። እጥፉ ሁለት ይሁን ሦስት ሰዓት ሠሪው ዛሬ እርግጠኛ አይደሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌንሷ በፎቶው ቀኝ በኩል ያለውን ቅንድብ አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ በግራ በኩል ያለውን ግን በእርጥብ ጣት እንደተዳሰሰ አድርጋ ታለሰልሰው ጀመር።

ሟች ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ አልበላ ብሏቸው እንደነበር ሰዓት ሠሪው ይናገራሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሡ መጡ። ዘበኛው በልጅነታቸው የያዛቸው ፈንጣጣ ቀኝ ጉንጫቸውን፣ በፎቶ ላይ ፊት ለፊት ሲታይ በግራ የሚውለውን፣ ወንፊት አድርጎት ነበር። ፎቶው ወጥቶ በተሰጣቸው ጊዜ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው፣ አገላብጠው፣ ቆይተው አዩትና “ዛሬ ገና ፊቴን ያየ ሰው አገኘሁ” ብለው ወጡ። ሟች ያን ዕለት ሌንሷን ላሠራት ማለታቸውን ተዉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው አሠራራቸው ይህ ነው። ደንበኛ ሲገባ ወዲያው አያስቀምጡም፤ ስለ ዝናቡም ስለ መንገዱም እያጫወቱ በክፍሉ ውስጥ ያመላልሱታል፣ በዚህ መካከልም የትኛውን ጉንጩን ከመስኮቱ እንደሚያሸሽ ያያሉ። ቀኝ ጉንጩን የሚያሸሸውን፣ ያ ጉንጩ በሌንሷ ለስላሳ ጎን እንዲውል፣ ከመሐል ወደ ግራ ፈቀቅ አድርገው ያስቀምጡታል። ግራ ጉንጩን የሚያሸሸውን ደግሞ ካሜራዋን ዘቅዝቀው፣ ላይዋን ታች አድርገው ይዘው፣ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያነሱታል። “ጋሼ፣ እኛም እንገልበጥ?” ሲሏቸው “እናንተ ቀጥ በሉ፤ ለመገልበጡ እኛ አለን” ይሉ ነበር። ጠባሳ የሌለውን፣ የሚያሸሸው ነገር የሌለውንም አልፎ አልፎ ዘቅዝቀው ያነሱ ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቃቸው ቢኖር ግን “ካሜራዋ ዛሬ ዞሮባታል” ብለው ያልፉት ነበር እንጂ አይናገሩም። ለባለቤታቸውም፣ ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። ቢናገሩ ኖሮ በየደንበኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ሁሉ “ጉድለትህን ደበቅሁልህ” የሚል ይሆን ነበርና፣ የአባታቸውን ምክር በዚህ መንገድ ጠበቁ። ይህ ዝምታቸው ኋላ ለደረሰው ጥፋት በር ከፈተ ቢባል ደግሞ ውሸት ነው፤ በሩን የከፈተው የእህታቸው ልጅ ነው።

የሙያ ጓደኞቻቸው፣ ቀያሪ ሌንስ በየኪሳቸው የያዙቱ፣ “ሃምሳ፣ እስከ መቼ ባንድ ዐይን?” እያሉ ይተርቧቸው ነበር። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ሃምሳ ተባሉ። አንዱ ባልደረባቸው “ይህ ሰው ሌንስ ከሚቀይር ሚስት ይቀይራል” ሲላቸው የሰሙት ባለቤታቸው “ይሞክራታ” ብለው እንደመለሱ በፎቶ አንሺዎቹ ዘንድ ዛሬም ይወራል።

ባለቤታቸውን ያገኟቸውም በዚያው ክፍል ነው። እሳቸው ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበሩ፤ የተነሡትን ጉርድ ፎቶ ይዘው በንዴት ተመልሰው መጡና “ይሄን አፍንጫ ከየት አምጥተህ ነው የለጠፍህብኝ?” አሏቸው። ሟች “ቀርበሻት ነው፤ ሲቀርቧት ታጋንናለች፣ ሁለት እርምጃ ራቂና እንደገና እንሞክር” ቢሏቸው፣ “ሰው ደንበኛውን ራቂ ይላል?” ብለው ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሦስቱንም አልወደዱትም፤ በአራተኛው መምጣታቸው ስለ ፎቶ አልተነጋገሩም። በትዳር አርባ ሁለት ዓመት ኖረው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል፤ ታላቂቱ ነርስ፣ ታናሺቱ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ሁለቱም የመጀመሪያ ጥርሳቸውን ሲያወጡም፣ ሲያወልቁም፣ በዚያችው ሌንስ ተነሥተዋል።

የእህታቸው ልጅ ወደዚህ ቤት የመጣው እናቱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በሄዱ ጊዜ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከእነሱ ጋር እየኖረ ሁለተኛ ደረጃውንም ሙያውንም ተማረ፤ ከዚያም በገበያ ሚዛኖች አስተካካይነት ተቀጠረ። ሥራው ያዘነበለውን ማቃናት፣ የተቃናውንም መመዝገብ ነው። ሟች በዚህ እየሳቁ “እኛ ቤት ዳኛ ገብቷል፤ ስኳሩን ስትጨምሩ ማንኪያችሁን ሙሉና ጥረጉ” ይሉ ነበር። እሱም በዚህ ቀልድ ይኮራ ነበር፤ ምክንያቱም እንደ ቁም ነገር ይወስደው ስለነበር ነው።

ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በፊት ሟች የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዘጠኝ ቀን በሐኪም ቤት፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ በመኖሪያ ቤታቸው ተኙ። የእህታቸው ልጅ በእነዚህ ቀኖች ፎቶ ቤቱን አቧራ እንዲጠርግ ቁልፍ ተሰጥቶት ነበር። የተሰጠው ቁልፍ ለመጥረጊያ ነው፤ ለሌላ አልነበረም። አጎቱን ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር ሊያደርግ አሰበና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በሌንሷ አነሣው፤ ሲያሳጥበው የቀኙ ዓምድ ይነበባል፣ የግራው ዓምድ አይነበብም። ሚዛን ቢሆን ያን ዕለት ከገበያ የሚያስወጣው ዓይነት ነው። ሌንሷ ታማለች፣ አጎቱም በእርጅና ሳያውቁት ቀርተዋል ብሎ ደመደመ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ማንንም አልጠየቀም። ሰዓት ሠሪው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቱ ደቃቅ ካቻቪቴዎችና ወረንጦ አምጥቶ ሌንሷን ፈታት። ሲፈታ እያንዳንዱን ደረጃ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ፤ አሥራ ስድስት ደረጃዎች ነበሩ፣ ለእያንዳንዱ ብሎንም ቦታውን የሚያሳይ ሥዕል ሠራ። በአሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ፣ ከውስጠኛው መስተዋት ሥር፣ ጠቁራና ተጨማድዳ የተጣበቀች ቁራጭ ወረቀት አገኘ። ቆሻሻ መሰለችው። በወረንጦ ይዞ አወጣት፣ ከሌላው አቧራ ጋር ጠረጋት፣ በደብተሩም ላይ አልጻፋትም፤ በአሥራ ስድስቱ ደረጃዎች ውስጥ ያልተመዘገበች ብቸኛ ነገር እሷ ናት። የተጨረመተውንም ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ደልዳላ አደረገው። ገጥሞ ሲጨርስ ጋዜጣውን እንደገና አነሣው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበብ ነበር። በጣም ተደሰተ። “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚባለው፣ የጣለችው ነገር ቢያንስ ሲወድቅ ድምፅ አለው፤ የእሱ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ለአጎቱ አልነገራቸውም፤ ራሳቸው አይተው “ሌንሴን ምን ነካት?” እስኪሉ ጠብቆ ሊያስደንቃቸው ፈልጎ ነበር።

ሟች ወደ ሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የመጡት፣ ከመንገዱ ማዶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት እመቤት ናቸው። እኚህ እመቤት በወጣትነታቸው በፈላ ዘይት ቀኝ ጉንጫቸውን የተቃጠሉ ሲሆኑ፣ በየዓመቱ አንዳንድ ፎቶ እየተነሡ በሱቃቸው ግድግዳ ላይ በተርታ ይሰቅሉ ነበር፤ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ደርሰው ነበር። ሟች እንደ ልማዳቸው እያጫወቱ ፈቀቅ አድርገው አስቀምጠው አነሷቸው። ሐኪሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆመው እንዳይሠሩ ከልክሏቸው ስለነበር ፊልሙ ሌላ ቦታ ታጠበ፤ አምጥቶም ለእመቤቲቱ በእጁ የሰጠው የእህታቸው ልጅ ነው። ሟች ለምሳ ወጥተው ነበር። እመቤቲቱ ፎቶውን ከፖስታው ግማሽ ድረስ አወጡት። “እኔ ይህን ያህል ነኝ እንዴ?” አሉ፤ የጠየቁት እሱን አልነበረም። መልሰው ከተቱት፣ ፖስታውን በመዳፋቸው ደልድለው አሸጉት፣ አመስግነውት ሄዱ። ፎቶው በተርታው ላይ አልተሰቀለም።

የእህታቸው ልጅ ያን ጊዜም አልገባውም። የሚያየው የጠራ ፎቶ ነበርና የገረመው የእመቤቲቱ ፊት መቀያየር ነበር። የገባው፣ በዚያው ሳምንት አንድ ዐይናቸው የተንሻፈፈ ሾፌርና፣ ከንፈሯ የተሰፋ አንዲት ተማሪ ፖስታቸውን ከፍተው አይተው እንደ እመቤቲቱ መልሰው ባሸጉት ጊዜ ነው። ወደ ሰዓት ሠሪው ሄዶ ስለ ሌንሷ ቢጠይቃቸው፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ሲጋራው ወረቀትና ስለ ዘበኛው አጫወቱትና “ምነው፣ ምን ሆነች?” አሉት። “ምንም” አላቸው።

ቅዳሜ ዕለት ሟች የሦስቱንም ሰዎች ኔጌቲቭ በማጉያ መነጽር ሲያዩ አገኛቸው። አይተው ሲጨርሱ ሌንሷን ከካሜራዋ አወለቁ፣ ወደ መስኮቱ አነሡ፣ በጣታቸው ቀስ አድርገው እያዞሩ ዙሪያዋን ተመለከቷት፤ ከፊት ቀለበቷ ላይ ካቻቪቴው አድጦ የተወው እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርማ ጭረት ነበር። የእህታቸው ልጅ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከየት እንደሚጀምር ሲያሰላ፣ ሁሉን ነገር በደረጃ በደረጃ ማሰብ ልማዱ ነውና፣ ሟች ቀደሙት።

“ዐይኔ ነው” አሉ፣ ሌንሷን እየገጠሙ። “ማተኮር አቅቶኛል።”

እሱም “እርጅና ነው ጋሼ፤ መነጽርዎን ይቀይሩ” አላቸው።

ይህን ቃል በትክክል ያስታውሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃሎች ሁሉ አንዲት ፊደል እንዳላሳሳተ የሚምልበት ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሐሙስ፣ ዝናብ ስለነበረ፣ ዣንጥላ ይዞ ወደ ጨርቅ ሻጯ ሱቅ አጅቧቸው ሄደ። ቀኑ ሐሙስ መሆኑ በደብተሩ ላይ አለ። ሟች ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። “እመቤቴ፣ ያ ፎቶ ልክ አይደለም፤ ዐይኔ ከድቶኝ አበላሸሁት። ያንቺ ፊት አይደለም፣ የእኔ ዐይን ነው” አሏቸው። እመቤቲቱ ጨርቅ እየጠቀለሉ “ኧረ ጋሽ ሃምሳ፣ ፎቶው እኮ እኔን ነው የሚመስለው” አሏቸው። ሟችም “አይመስልም። አሥራ ስምንት ዓመት ያየሁሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ራስሽን የት አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔን ስሚኝ” አሉ። እመቤቲቱ መጠቅለላቸውን አቆሙ። ፖስታውን ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጧቸው፤ ሟችም በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። የእህታቸው ልጅ ይህ ሁሉ ሲሆን ከደጃፉ ላይ የረጠበ ዣንጥላ ያራግፍ ነበር። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ቤት፣ ከዚያ ወደ ተማሪዋ ወላጆች ቤት ሄዱ፤ በየደረሱበትም ያንኑ ደገሙ።

በዚያው ወር መጨረሻ ፎቶ ቤቱን ዘጉ። “ጋሽ ሃምሳ ዐይናቸው ጠፋ” የሚለው ወሬ መንገዱን ሞላው፤ ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሙን እየነገረ ሰላም ይላቸው ጀመር። ባለቤታቸው ወደ ዐይን ሐኪም እንዲሄዱ ሲጨቀጭቋቸው “ሄጄ ነበር፤ የዕድሜ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የሚደረግ የለም” ብለው ዘጓቸው። “ታዲያ ለምን ብቻህን ሄድክ? እኔ አልመራህም?” ቢሏቸው “አንቺ ከመራሽኝማ ከሐኪሙ ጋር ተጣልተሽ ታስወጪኛለሽ” አሉ።

የእህታቸው ልጅ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ጥፋቱን በእጁ ሊጠግን እንጂ በአፉ ሊናገር አልሞከረም። ቁልፉ አሁንም እሱ ዘንድ ነበርና፣ አንዳንድ እሑድ ወደ ተዘጋው ፎቶ ቤት እየገባ፣ የሲጋራ ወረቀት እየቆረጠ፣ ባንድ፣ በሁለት፣ በሦስት እጥፍ ከመስተዋቱ ሥር እየሸጎጠ ጋዜጣ ያነሣ ነበር። ሃያ ሰባት ጊዜ ሞክሯል። አንዴ ላዩ ይደበዝዛል፣ አንዴ ታቹ፣ አንዴ ሁሉም፤ ያ የጥንቱ የግራ ልስላሴ ግን አልተመለሰም፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተበልቷልና። ያዘነበለውን ማቃናት የሚያውቅ ሰው የተቃናውን መልሶ ማዝመም እንደማያውቅበት የተማረው እንዲህ ነው። በአንደኛው እሑድ ምሳ ላይ፣ ሟች ባለቤታቸው ሊያስገቡ ያቃታቸውን ክር ተቀብለው፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ ባንድ ጊዜ በመርፌው ቀዳዳ አሳለፉት። ልጆቻቸው ሲያጨበጭቡላቸው “የልብስ ሰፊ ልጅ በጣቱ ነው የሚያየው” አሉ፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር ሣቀ፣ ነገሩንም በዚያው አለፈው። ዛሬ ሲያስበው፣ ያለፈው ሊያስብበት ስላልፈለገ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ወር ሟች ልባቸውን ታመው ሐኪም ቤት ገቡ፤ በሰባት ቀናቸው፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። የእህታቸው ልጅ በአራተኛው ቀን ብቻውን አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ሊነግራቸው ጀምሮ ነበር። “ጋሼ፣ ስለ ሌንሷ አንድ ነገር…” ሲል እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ክንዱን ያዙትና “እሷማ ብዙ ሠራች፤ ትረፍ” አሉት። ከዚያም ውሃ ጠየቁት፣ አመጣላቸው፣ ጠጡ። ሳይነግራቸው ቀረ። ለባለቤታቸው የተናገረው ትናንትና ነው፤ እሳቸውም አልተቆጡትም፣ ይልቁንም ይህን እንዲጽፍና እዚህ እንዲያነበው አዘዙት፤ ትእዛዙ ከቁጣው እንደሚከብድ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ጨርቅ ሻጯ እመቤት፣ ሾፌሩ፣ ተማሪዋና ወላጆቿ፣ እንዲሁም በዚያ ወር የተነሣችሁ ሁሉ፣ ከመካከላችን ካላችሁ፣ ያ ፎቶ የተበላሸው በሟች እጅም በሟች ዐይንም አለመሆኑን እንድታውቁ፣ ይቅርታውንም ከእሳቸው ሳይሆን ከእህታቸው ልጅ እንድትቀበሉ ይለምናችኋል። ይቅር የማለት ግዴታ የለባችሁም።

ሟች ከኋላቸው የትዳር ጓደኛቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ ያሳደጉትን የእህታቸውን ልጅ፣ እንዲሁም በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጉንጫቸውን በአደራ የሰጧቸውን ቁጥራቸው የማይታወቅ ደንበኞች ትተው አልፈዋል። የሰውን ጉድለት አይቶ እንዳላየ ማለፍ የእርሱ ባሕርይ የሆነ ፈጣሪ፣ ይህንኑ በምድር ሲያደርጉ ለኖሩት ነፍስ ማረፊያ ይስጥልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይላክልን።

በመጨረሻም አንድ ነገር ይጨመር። የሟች ባለቤት ትናንት ከሸሚዞቻቸው መካከል አንድ የዐይን ክሊኒክ ካርድ አግኝተው ለእህታቸው ልጅ ስለሰጡት፣ እሱ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ከእሳቸው ጋር ወደ ሐኪሙ ሄዶ ነበር። ካርዱ የተጻፈው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ፣ ከዚያም ዝናባማ ሐሙስ በፊት በነበረው ማክሰኞ ነው። ሐኪሙ መዝገባቸውን አውጥተው አይተው፣ የሟች ሁለቱም ዐይኖች ምንም እንከን እንዳልነበረባቸው፣ ይህንንም ያኔውኑ፣ በዚያው ማክሰኞ፣ ለራሳቸው ለሟች በቃል እንደነገሯቸው አረጋግጠዋል።